ባዶ የቀረው ጣሳ

ነገሩ የጀመረው በግንቦት ወር በአንድ እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ሰቆጣ ፀሐይ ከብዷት ዝም ትላለች። ከቅዳሴ የተመለሰው ሰው ምሳውን በልቶ ጋደም ብሏል፤ ሱቆቹ በራቸውን ገርበብ አድርገዋል። እኔ ባዶ የሳልሳ ጣሳዎች በፌስታል ይዤ፣ በሌላ እጄ ጥሬ ሽምብራ አንጠልጥዬ፣ ወደ እማማ ቤት የሚወስደውን ዳገት እወጣ ነበር። በተራመድኩ ቁጥር ጣሳዎቹ ይንኳኳሉ። ሰው እንዳያየኝ ብዬ በጓሮ መንገድ ዞርኩ። የቦርድ ስብሰባ የምትሄድ ሴት ሳይሆን ቆርቆሮ ያለው የምትል ነበር የምመስለው።

እማማ የምላቸው ድርጅታችንን ያቋቋሙት ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ ዘመድ ሁሉ ትልቅ ተዝካር ይጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን ካህናቱንና የኔ ቢጤዎችን ብቻ አበሉና ለቀረው ድግስ የታሰበውን ገንዘብ ለችግረኛ መርጃ አስቀመጡት። አዲስ አበባ ያሉት ልጆቻቸው እየጨመሩበት ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሆነ። ማኅተም ተቀረጸለት፣ ቦርድ ተመረጠለት፤ እኔም ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ከቆየሁ በኋላ ብቸኛዋ ሠራተኛው ሆንኩ። ቢሮዬ በእማማ ሳሎን ጥግ ላይ ያለች ጠረጴዛ ናት።

እማማ ድርጅት ብለው ጠርተውት አያውቁም። "ተዝካሩ" ነው የሚሉት። ተዝካር ላይ ደግሞ ማንም ከደጅ አይመለስም። ከጽጽቃ ገጠር ምንጭ እንዲጎለብትላቸው የመጡትን እሺ አልናቸው፤ ግድግዳው እኩሌታው ላይ ሳይደርስ ጧሪ ያጡ አረጋውያን መጡና ወደነሱ ዞርን። ለምንጩ የተገዛው ሲሚንቶ ክረምቱን መጋዘን ውስጥ ከርሞ ድንጋይ ሆነ። ደብተር የገዛን ዓመት ለሁሉም ይድረስ ተባለና ለአንድ ልጅ አንድ ደብተር ደረሰው፤ የሒሳቡንም የአማርኛውንም በዚያችው ላይ ጻፈ። ማንንም አላስቀየምንም። ማንንም ከችግሩ አላወጣንም። በየዓመቱ ሪፖርት ላይ "ተደራሽነታችን ሰፍቷል" የምትለውን ዐረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ ይዝልብኝ ነበር።

ተሟልቶ የቆመልን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሴት ተማሪዎቹ ቤት። ከአበርገሌ ቆላና ከሌሎቹ ወረዳዎች ገጠር፣ ትምህርቱ ስምንተኛ ክፍል ላይ ከሚቆምባቸው ቦታዎች የመጡ ልጆች፣ ሰቆጣ ላይ ሁለተኛ ደረጃ እየተማሩ የሚያድሩበት የኪራይ ቤት ነው። ስንቃቸውን፣ የማሽላ ዱቄቱንና ሽሮውን፣ ከየቤታቸው ያመጣሉ። ተራ ገብተው ያበስላሉ። ለወላጆቻቸው ትልቁ ነገር በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ መሆኑ ነው። እኔ በነሱ ዕድሜ የተማርኩት ዘመድ ቤት ተጠግቼ ነው። አባቴ የገጠር ደብር መሪጌታ ስለነበር ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ልጅ አዝላለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ መጽሐፍ የምገልጠው የቤቱ ሰው ሁሉ አዝዞኝ ሲጨርስ ነው። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ግን የኔ የምለው በር አልነበረኝም።

የዚያ ቤት ኪራይ ውል ሰኔ ላይ ያልቅ ነበር። የእማማ ልጆች ኑሮ ከብዷቸው ከዚህ በላይ እንደማይችሉ ነግረውናል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ለጋሽ ድርጅት ግን እንደኛ ያሉትን ትንንሾች ለሦስት ዓመት ሊደግፍ ፈቃደኛ ነበር። የሚጠይቀው ስልታዊ ዕቅድ እንድንልክለት ነው፤ በዕቅዱ ውስጥም ቦርዱ አንድ ዋና ሥራ፣ አንድ ብቻ፣ መርጦ እንዲያሳይ። የመጨረሻው ቀን ያው በማግሥቱ፣ ሰኞ ነበር። ቤቱ ከተመረጠ ልጆቹ መስከረም ላይ ይመለሳሉ። ካልተመረጠ የሚመለሱበት የለም።

ዕቅዱን ደጋግሜ ጽፌዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ስልኬ ላይ፣ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ላይ። ራዕዩም ተልዕኮውም አልቀዋል። "ዋና ሥራ" በሚለው ርዕስ ሥር ግን ባዶ ቦታ ትቻለሁ። መምረጥ የቦርዱ ነው፤ እኔ ደግሞ በትልልቅ ሰዎች ፊት ይህ ይሻላል ብዬ አፌን የምከፍት ሰው አይደለሁም። ስለዚህ ሥልጠና ላይ ያየሁትን ዘዴ አሰብኩ። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ጣሳ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ሰው እኩል እፍኝ ሽምብራ ይይዛል፤ ይበልጣል በሚለው ጣሳ ውስጥ ይበልጥ ይጨምራል። ማንም አይናገር፣ ማንም አይከራከር። ለኔ ዓይነቷ ዓይን አፋር የተሠራ መሰለኝ።

ውጤቱንም በልቤ ጨርሼው ነበር። የቦርዱ አባላት ከእማማ ጋር አራት ናቸው። ከጋዝጊብላ የሚመጡት ቄስ፣ አባ የምንላቸው፣ የእኅታቸው ልጅ እዚያ ቤት ውስጥ ናት። ከአበርገሌ ፍየል እየነዳ የሚመጣው ነጋዴ፣ አያ የምለው፣ የገዛ ልጁ እዚያው ናት። ጡረታ የወጡት ርዕሰ መምህር፣ ጋሼ፣ ቤቱን ያከራየን ወንድማቸው ነው። እማማ ደግሞ ቤቱን ያሰቡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እንዲህ ሆኖ የቤቱ ጣሳ ሳይሞላ እንዴት ይቀራል?

ጣሳዎቹን መደቡ ላይ ደረደርኩና በላያቸው የለጠፍኩትን ወረቀት አነበብኩ። አንዱ ለጋዝጊብላ ምንጭ፣ አንዱ ለአበርገሌ የከብት መድኃኒት፣ አንዱ ለቆሎ ተማሪዎች ልብስ፣ አንዱ ለአረጋውያን እህል፣ አንዱ ለሴት ተማሪዎቹ ቤት። ድምፄ እንደልማዱ ጠፋ፤ ጋሼ ጆሯቸውን በእጃቸው ወደኔ አቀኑት። ዘዴውን ሳስረዳ አያ ሽምብራውን በጣቱ እያገላበጠ ያየው ነበር።

"ቆልተሽው ብታመጪ ኖሮ ድምፃችንን በልተን እንገባ ነበር" አለኝ።

"የአበርገሌ ሰው ድምፁን ከበላ ቆይቷል" አሉት ጋሼ።

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ነገሩ ቀላል ሆነልኝ ብዬ። ከዚያ እንዳላያቸው ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ሥልጠናው እንደዚያ ነው የሚለው፤ አስተባባሪዋ ማየት የለባትም። የሽምብራው ቅጭልጭልታ ከኋላዬ ይሰማኛል። ሲጨምሩ ቆም ይላሉ፣ ያስባሉ፣ እንደገና ይጨምራሉ። አባና አያ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ ዝግ ብለው ተነጋገሩ። አባ ለአበርገሌ ከብቶች እንደጨመሩ ነገሩት፤ አያም ለጋዝጊብላ ምንጭ እንዳደረገ መለሰላቸውና ተመራረቁ።

ዞር ስል አራቱ ጣሳዎች ባንድ መስፈሪያ የተሰፈሩ ይመስሉ ነበር። የቤቱ ጣሳ ባዶ ነው። የሳልሳው ቀይ ዝገት ከታች ይታያል።

ሰው ሁሉ ጣሳውን አየ፤ ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ሌላ አደረገ። የገረማቸውም አይመስሉም፤ የሚያሳፍር ነገር ባጋጣሚ ተገልጦ ያዩ ነው የሚመስሉት። ጋሼ ብቻ ብዕራቸውን ከፍተው ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ልጻፍ አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። "እንግዲያስ አራቱም እኩል ተመርጠዋል ብዬ እጽፋለሁ" አሉና ጻፉ።

በዚህ መሐል አባ ብድግ አሉ። ስብሰባው ያለቀ መስሏቸው ነው፤ ከውጤቱ በኋላ የውይይት ጊዜ እንዳለ ማስረዳት ረስቼ ኖሯል። መስቀላቸውን አውጥተው የተባለው እንዲጸና፣ የታሰበው እንዲሳካ መረቁን። አሜን አልን። እኛ ዘንድ በምርቃት የተዘጋ ነገር እንደገና አይከፈትም። የከፈተው ሰው ምርቃቱን የጠላ ይመስላል። እኔም አሜን ብያለሁ። ሁሉም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እማማን ተሰናብተው ወጡ። አባ ማለዳ በመጀመሪያው አውቶብስ ወደ አገራቸው እንደሚመለሱ ነግረውኝ ግንባሬን በመስቀላቸው ባርከው ሄዱ።

መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እማማ ጣሳዎቹን እያነሱ ሽምብራውን ወደ አንድ ሰፌድ ይገለብጡ ነበር፤ ነገ ለክክ ይሆነናል እያሉ። አምስተኛውን ጣሳ አንስተው ገለበጡት፤ ምንም አልወጣም። መልሰው አስቀመጡት።

እርስዎም አላደረጉበትም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እንዴት አድርጌ?" አሉኝ። "እኔ ያሰብኩትን፣ በኔ ቤት፣ በኔ እጅ ላስቀድም? ሰው ምን ይለኛል?"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ማኅበር ላይ መሶብ ሲቀርብ ሰው ከፊቱ ያለውን ወጥ ወደ ጎረቤቱ ይገፋል። አሳላፊው ለራሱ መጨረሻ ላይ፣ ከተረፈ ነው የሚያነሣው። ልጁ፣ ዘመዱ፣ ወንድሙ ያለበትን ጣሳ መሙላት ለራስ ማጉረስ ነበር። ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት የሁላቸውም ስለነበር ማንም አልነካውም። እኔም እንደነሱ ሆኜ ነው ያደግሁት። ሥልጠናው ላይ ግን ሰው የሚፈልገውን ያስቀድማል ሲሉን ደብተሬ ላይ ጽፌ ዝም አልኩ። አዲስ አበባ ላሉት ሰዎች ምናልባት እውነት ነው።

ለእማማ ይህ ምን እንደሚያመጣ ነገርኳቸው። አራት ዋና ሥራ ያለውን ዕቅድ ለጋሹ እንደማይቀበል፣ ቢቀበልም እንደ ሲሚንቶው እንደሚሆን፣ ሰኔ ላይ ልጆቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው እንደሚሄዱ። እንዲህ አርዝሜ አውርቼላቸው አላውቅም። እሳቸው ሽምብራውን እየለቀሙ ጠጠሩን ያወጡ ነበር፤ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር አንዳንዴ ጠጠሩን ትተው ሽምብራውን ይጥላሉ።

"ተዝካር ነው ያልኩት እኔ ነኝ" አሉ በመጨረሻ። "ተዝካር አንድ ቀን ነው፤ ሰው በልቶ ይሄዳል። እነዚህ ልጆች በልተው የሚሄዱ አይደሉም።"

ቤቱን ብቻ ጻፊው አሉኝ። ለጋሼና ለአያ ራሳቸው እንደሚደውሉ፣ አያ የልጁ ነገር ስለሆነ እፎይ እንደሚል ነገሩኝ። አባ ግን ሌላ ናቸው። የጋዝጊብላውን ምንጭ አገራቸው ላይ ሰው በተስፋ ይጠብቀዋል፤ መርቀውም ዘግተውታል። አባ አፍ አውጥተው ካልፈቀዱ በስተቀር እማማ ዕቅዱ ላይ አይፈርሙም።

"እኔ ለቄስ እምቢ ማለት ከአፌ አይወጣም" አሉ። "የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ።"

እኔም ከአፌ አይወጣም ልላቸው ፈልጌ ነበር። ደክሟቸው ስለነበር ተውኩት።

ወደ ቤቴ ስወርድ በልጆቹ በኩል አለፍኩ። በሩ ክፍት ነበር። አንዷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የጓደኛዋን ፀጉር ትሠራለች፤ ሌላዋ ለፈተና ታነበንባለች። የአያ ልጅ አየችኝና ተነሥታ ስብሰባው አለቀ ወይ አለችኝ። ገና ነው አልኳት። አባቷ ሲያልፍ ዘይት ብቻ ሰጥቷት እንደሄደ፣ ስለ ቤቱ ስትጠይቀው መልስ እንዳልሰጣት ነገረችኝ። ለመስከረም ማሽላ ታስፈጭ ወይስ ትተው እንደሆነ ማወቅ ፈልጋ ነው። የሚሠራውን ፀጉር አየሁና አምሮባታል ብዬ ሄድኩ።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ነበርኩ። አውቶብሱ ቆሞ ጣሪያው ላይ ጆንያ እየጫኑ ነው። አባ ከፊት ሁለተኛው ወንበር ላይ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተጠቅልለው፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። በሩ ጋ ቆሜ ጥቂት ቆየሁ። ረዳቱ ትሄጃለሽ አትሄጅም እያለ ገፋ ሲያደርገኝ ገባሁና መስቀል ተሳልሜ አጠገባቸው ቆምኩ።

በምን እንደምጀምር ሌሊቱን ሳስብ ነበር ያደርኩት፤ ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝ። ምንጩ ዕቅዱ ውስጥ አይኖርም አልኳቸው። የተባለውን ማፍረሴ እንደሆነ አውቃለሁ አልኳቸው። አንድ ነገር ብቻ መያዝ ካለብን ልጆቹን መያዝ እንዳለብን፣ እማማም የሚፈርሙት እርስዎ ከፈቀዱ ብቻ መሆኑን ነገርኳቸው። ከኋላ ያለችው ሴትዮ ዶሮዋን ጸጥ አሰኝታ ትሰማኝ ነበር።

አባ ጋቢውን ከአፋቸው አወረዱት።

"ትናንት ያቺን ጣሳ ደጋግሜ አየኋት" አሉኝ። "የእኅቴ ልጅ ባትኖርበት ኖሮ እፍኙን ሁሉ እዚያ ነበር የምገለብጠው።"

"ታዲያ ይፍቀዱልኝ፣ አባ።"

"እኔ መፍቀዱን እፈቅዳለሁ። የፈቀድኩት ግን ለዘመዴ ነው ይሉኛል። ጠብቀው የከረሙትን ምን ብዬ ላግባባቸው?"

እኔ ነኝ ያስቀረሁት ይበሏቸው አልኳቸው። የሰቆጣዋ ጸሐፊ ናት ይበሉ፤ እኔን ስለማያውቁኝ ቢቀየሙኝም ምንም አይደለም።

ራሳቸውን ነቀነቁ። የተናደዱ አይመስሉም፤ እንደኔው የደከማቸው ነው የሚመስሉት።

"የማያውቁትን ሰው አይቀየሙም፣ ልጄ። የሚቀየሙት እኔን ነው" አሉ። "ከመጣሽ ግን አብረን እንነግራቸዋለን። ምንጩ መቅረቱን እኔ አላወራም፤ አንቺ ታወሪያለሽ፣ እኔ ከጎንሽ እቆማለሁ።"

ከዚያ ወደ መስኮቱ ተጠጉና ጋቢያቸውን ከወንበሩ ላይ ሰበሰቡልኝ።

ለጉዞ አልተዘጋጀሁም ነበር። ቀሚሴ የቤት ነው፤ ቁርስም አልበላሁ። ሰው በተሰበሰበበት ቆሜ ተናግሬም አላውቅ። ስልኬን አውጥቼ ለእማማ ደወልኩ። አባ ፈቅደዋል፣ ይፈርሙ፤ ጋሼ ፎቶ አንሥተው ይላኩት፣ ዕቅዱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ባዶውን ቦታ ትናንት ከመውጣቴ በፊት ሞልቼዋለሁ አልኳቸው። የት ነሽ ሲሉኝ ነገርኳቸው። ነጠላ ይዘሻል ወይ አሉኝ።

ለአያ ልጅም ማሽላውን እንድታስፈጭ እንዲነግሩልኝ አደራ አልኳቸው። ከዚያ ለረዳቱ ሒሳቡን ከፍዬ አባ አጠገብ ተቀመጥኩ።